ኢንተርኔቱ ጠፋ ሲባል፤ የጠፋው የት ላይ ነው?

በቤታችን ውሃ ሲጠፋ የምናደርገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በመጀመሪያ የማድቤቱን ቧንቧ እንከፍታለን፤ እዚያ ካልመጣ ወደ ግቢው ቧንቧ እንወጣለን፤ የግቢውም ደረቅ የሆነ እንደ ሆነ ልጅ ልከን «እናንተ ዘንድ ውሃ አለ ወይ?» ብለን ጎረቤት እናስጠይቃለን። ጎረቤት ኖሮት እኛ ከሌለን ችግሩ ከቈጣሪያችን ወዲህ ነው። ጎረቤትም ከሌለው ግን ባልዲ አዘጋጅቶ መጠበቅ ነው እንጂ የራስን ቧንቧ መፍታት ከንቱ ድካም ነው። ይህን ብልኀት በትምህርት ቤት ማንም አላስተማረንም፤ ችግር አስተማረን።

ዳሩ ግን ኢንተርኔት ሲጠፋ ይህ ሁሉ ማስተዋል አብሮ ከቤታችን ይጠፋል። አንዱ ሣጥኑን በጥፊ ይመታዋል፤ አንዱ ሽቦውን ሁሉ ነቃቅሎ እንደ ገና ይሰካል፤ አንዱ መርፌ ይዞ በሣጥኑ ጀርባ ያለችውን ቀዳዳ ይወጋል፤ ሌላው ደግሞ ምንም ሳይነካ ተቀምጦ ቴሌን ይራገማል። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ በመጀመሪያ አንድ የነበረው ብልሽት ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ ይገኛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው።

ዛሬ ለአንባቢዎቼ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ቁም ነገር ብቻ ነው። ይኸውም ኢንተርኔት እንዲያው በደፈናው አይጠፋም፤ ረጅም መንገድ የሚሄድ ነገር ስለ ሆነ ከመንገዱ በአንዱ ስፍራ ላይ ይቋረጣል። ስፍራውን ለይቶ ያወቀ ሰው ሥራው በግማሽ አለቀለት። ይህንንም ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ዐይን፥ ጆሮ፥ አንድ ቍራጭ ወረቀትና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል።

መንገዱን ማወቅ

በሳሎን ጥግ የተቀመጠው ሣጥን በእውነቱ በአንድ ጎጆ የሚኖሩ ሁለት ሠራተኞች ነው። አንደኛው ሞደም ይባላል። ሥራው አስተርጓሚነት ነው፤ ከውጭ በሽቦ የሚመጣውን ምልክት ኮምፒዩተር ወደሚገባው ቋንቋ ይመልሳል፤ የእኛንም መልሶ ወደ ሽቦው ይልካል። ሁለተኛው ራውተር ይባላል። እርሱ ደግሞ እንደ ደብዳቤ አዳይ ነው፤ በቤቱ ላለው ለያንዳንዱ ስልክና ኮምፒዩተር የቤት ቍጥር ይሰጣል፤ የመጣውንም ሁሉ ለባለቤቱ ያደርሳል።

እንግዲህ መንገዱን በሦስት እንክፈለው። የመጀመሪያው ከውጭ ከምሰሶው እስከ ሣጥኑ ያለው ነው። ሁለተኛው ሣጥኑ ራሱ ነው፤ በኢንተርኔት አቅራቢው መሥሪያ ቤት ዘንድ የሚታወቅበትን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ጨምሮ። ሦስተኛው ከሣጥኑ እስከ እጅዎ ድረስ ያለው፥ ብዙ ጊዜ በዋይፋይ በአየር የሚሄደው ነው። ብልሽት ሁሉ ከነዚህ ከሦስቱ በአንዱ ወይም ከቤትዎ ርቆ በሚገኝ ስፍራ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል በአገራችን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከድሮው የቤት ስልክ ጋራ የመጣው ጥንድ የመዳብ ሽቦ ነው። በዚህ ሽቦ ላይ ኤ ዲ ኤስ ኤል የተባለው ብልኀት ንግግርንና ኢንተርኔትን ሳይቀላቅል አብሮ ያስኬዳል። የሰው ድምፅ በሴኮንድ ከ4,000 በታች በሆነ እርግብግቢት ሲሄድ፥ ኢንተርኔቱ ከ25,000 ገደማ ጀምሮ ከ1,000,000 በላይ በሆነ እርግብግቢት ይሄዳል። ሁለቱን የምትለያይ አንዲት ትንሽ ሣጥን አለች፤ ስፕሊተር ትባላለች። ሦስት ቀዳዳ አላት፤ አንዱ ከውጭ ለሚመጣው ሽቦ፥ አንዱ ለስልክ፥ አንዱ ለሞደም ነው። ሁለተኛው ዓይነት ፋይበር የሚባለው ከጠጕር ብዙ የማይወፍር የመስታወት ክር ነው፤ በእርሱ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሳይሆን ብርሃን ነው።

መብራቶቹን ማንበብ

በሣጥኑ ፊት የተደረደሩት ትናንሽ መብራቶች ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም። ሐኪም የበሽተኛውን ምላስና ዐይን እንደሚያይ እኛም በመጀመሪያ እነርሱን እንያቸው። ስማቸውና ቀለማቸው እንደ ሣጥኑ ዓይነት ይለያያል፤ ትርጕማቸው ግን ተቀራራቢ ነው።

የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መብራት ነው። እርሱ ካልበራ ሌላውን መመርመር አያስፈልግም፤ መሰኪያውን ይዩ፤ ቀጥሎም ኤሌክትሪኩን የሚቀንሰውን አዳፕተር ይመልከቱ። ብዙዎቹ ሣጥኖች የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው፤ አንዳንድ ቤት ግን የአንዱ ዕቃ አዳፕተር ለሌላው ይሰካል። ከመሰካትዎ በፊት በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈው ቮልት በሣጥኑ ላይ ከተጻፈው ጋራ አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።

ሁለተኛው የመስመሩ መብራት ነው። በመዳብ ሽቦ ለሚሠራው «ዲ ኤስ ኤል» ወይም «ኤ ዲ ኤስ ኤል» የሚል ጽሕፈት አለበት። ሳይርገበገብ ከበራ ሣጥኑ ከመሥሪያ ቤቱ መሣሪያ ጋራ ተገናኝቷል ማለት ነው። የሚርገበገብ እንደ ሆነ እየፈለገ ነው፤ ከበራ በኋላ ሦስት ወይም አምስት ደቂቃ ታግሠው ያው ሆኖ ከቀጠለ ፈልጎ አጥቷል። በፋይበር ለሚሠራው ደግሞ ሁለት መብራቶች አሉ። «ፖን» የሚለው አረንጓዴ ሆኖ ሳይርገበገብ ሲበራ ደኅና ነው። «ኤል ኦ ኤስ» የሚለው ቀይ ሆኖ የተርገበገበ እንደ ሆነ ግን ብርሃኑ ወደ ሣጥኑ አልደረሰም፤ ክሩ ተቈርጧል፥ ወይም ከልክ በላይ ተጣጥፏል፥ ወይም መሰኪያው ላልቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው «ኢንተርኔት» የሚለው ነው። የመስመሩ መብራት ደኅና ሆኖ ይህ ብቻ ቀይ ከሆነ ወይም ከጠፋ፥ ሽቦው ምንም አልሆነም፤ መሥሪያ ቤቱ ሣጥንዎን «ማን ነህ?» ብሎት አጥጋቢ መልስ አላገኘም። የዚህም ምክንያት ብዙ ጊዜ የተጠቃሚ ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ መጥፋቱ፥ ወይም ወርኃዊው ሒሳብ አለመከፈሉ ነው። አራተኛው የዋይፋይ መብራት ነው፤ እርሱ ከጠፋ ምናልባት አንድ ልጅ በሣጥኑ ጎን ያለችውን ቍልፍ ነክቷት ይሆናል።

ለመለየት የሚጠቅሙ ጥያቄዎች

መብራቶቹን ካዩ በኋላ ራስዎን በተራ ይጠይቁ። አንደኛ፤ የጠፋው በአንድ ስልክ ነው ወይስ በቤቱ ባለው ሁሉ? በአንድ ስልክ ብቻ ከሆነ ሣጥኑን ከቶ አይንኩት፤ ሕመሙ በዚያ ስልክ ነው። ዋይፋዩን ከስልኩ አስረስተው የይለፍ ቃሉን እንደ ገና ያስገቡ፤ ብዙ ጊዜ በዚህ ይድናል።

ሁለተኛ፤ በሁሉም ጠፍቶ እንደ ሆነ፥ ሣጥኑ ራሱ ያነጋግርዎታል ወይ? ከዋይፋዩ ጋራ እንደ ተገናኙ ድረ ገጽ በሚከፍቱበት ስፍራ 192.168.1.1 ብለው ይጻፉ። አንዳንዱ ሣጥን ሌላ ቍጥር አለው፤ ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። የሣጥኑ ገጽ ከተከፈተ ከሣጥኑ እስከ እጅዎ ያለው መንገድ ደኅና ነው፤ ብልሽቱ ከሣጥኑ ወደ ውጭ ነው። ካልተከፈተ ግን ብልሽቱ ከሣጥኑ ወዲህ ነው። በኮምፒዩተሩ ላይ የሚታየው የቤት ቍጥር በ169.254 የሚጀምር ከሆነም ራውተሩ ቍጥር አልሰጠውም፤ ኮምፒዩተሩ ቢቸግረው ለራሱ ፈጥሮ ያወጣው ቍጥር ነው።

ሦስተኛ፤ መንገዱ ነው የጠፋው ወይስ የስም መዝገቡ? ይህ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልገዋል። የምንጐበኘው ድረ ገጽ ሁሉ ቍጥር አለው፤ እኛ ግን ስሙን ነው የምንጽፈው። ስሙን ወደ ቍጥር የሚለውጥ፥ ዲ ኤን ኤስ የሚባል የስልክ ማውጫን የመሰለ አገልግሎት አለ። አንዳንድ ጊዜ መንገዱ ክፍት ሆኖ ማውጫው ብቻ ይዘጋል። በኮምፒዩተር ፒንግ የሚባለውን ትእዛዝ ለ8.8.8.8 ይላኩ። ከዚያ መልስ እየመጣ በስም የተጻፈ ድረ ገጽ ግን አልከፈት ካለ፥ ጥፋቱ የማውጫው ነው። በኮምፒዩተሩ የኔትወርክ ማስተካከያ ውስጥ በዲ ኤን ኤስ ስፍራ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 ብሎ መጻፍ ይበቃል።

አራተኛ፤ በመዳብ ሽቦ የሚሠራ ከሆነ የቤት ስልኩ ምን ይላል? ማነጋገሪያውን አንሥተው ያዳምጡ። ድምፁ ጥርት ያለ ከሆነ መልካም ነው። ጸጥ ካለ መስመሩ ሞቷል። የሚንጫጫ ከሆነ ደግሞ ከመጋጠሚያዎቹ አንዱ ውሃ ገብቶበታል ወይም ዝጓል። እንግዲህ ጆሮ ከመሣሪያ ሁሉ የረከሰ መመርመሪያ ነው።

ሦስት እሑዶች

ይህ ሁሉ ጥቂት ሰዓት በፊልም ከመደሰት የማያልፍ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር የሚከተለውን ያንብብ። በምኖርበት ግቢ አንዲት እናት አሉ፤ ሁላችንም እትዬ እያልን እንጠራቸዋለን። አንዲት ልጃቸው ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ስልኳን እንደ ልቧ የምትይዘው እሑድ እሑድ ብቻ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ተፈልቶ እናትና ልጅ በዋትሳፕ እየተያዩ መነጋገር ልማዳቸው ነው። እትዬ የሞባይል ኢንተርኔት አይገዙም፤ ያላቸው ከቤት ስልክ ጋራ የመጣው ኢንተርኔት ብቻ ነው።

በክረምቱ አጋማሽ ከአንድ ከባድ ዝናብ በኋላ ኢንተርኔቱ መጣ ሄደ ይል ጀመር፤ የመጀመሪያው እሑድ እንዲሁ አለፈ። በሳምንቱ የወንድማቸው ልጅ ሊረዳቸው ብሎ መርፌ አምጥቶ በሣጥኑ ጀርባ ያለችውን ቀዳዳ ተጫነ፤ ከዚያ በኋላ ጨርሶ ጠፋ። ቀጥሎ አንድ ጠጋኝ ተጠራና «ሣጥኑ ተቃጥሏል» ብሎ አዲስ ሸጠላቸው፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ዝም አለ። ሁለተኛው እሑድ አለፈ። በሦስተኛው እሑድ ከቀትር በኋላ እትዬ ሣጥኑን በነጠላቸው ጠቅልለው እደጄ ድረስ መጡ። «ልጄ፥ አስተማሪ አይደለህም እንዴ፤ እስቲ ይህን ነገር እየው። ልጅቱ አንድ ነገር ሆናለች፤ ሰው ነው የሚደብቀኝ» አሉኝ።

ሣጥኑን ከመመርመር በፊት በእኔ ስልክ ወደ ቤይሩት ደወልን። ልጅቱ ድምፃቸውን ስትሰማ መናገር አቃታት። እርሷ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ እናቴ ሞታ ሸሽገውኛል ስትል ኖራለች። በሁለቱ መካከል ይህን ሁሉ ሥጋት የጣለው ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ሽቦ መሆኑን ያወቅነው ኋላ ነው።

ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄደን የቤት ስልኩን ባነሣው ማነጋገሪያው እንደሚቈላ ቡና ይንጣጣል። የመስመሩ መብራት ይርገበገባል። ሽቦውን ተከትዬ ብወጣ ከጣራው ክፈፍ ሥር ያለው መጋጠሚያ ውሃ ገብቶበት መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። የመጀመሪያው ሕመም ይህ ነበር። ሁለተኛው ሕመም በመርፌው የተደመሰሰው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ነው። አዲሱ ሣጥን ደግሞ ይህን ስም ከመጀመሪያውም አያውቀውም፤ ስለዚህ መስመሩ ቢጠገን እንኳ አይሠራም ነበር። የውሉን ወረቀት ጠየቅኋቸው፤ ከዳዊታቸው መካከል አውጥተው ሰጡኝ። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ መጥቶ መጋጠሚያውን ቈርጦ እንደ ገና ከሠራ በኋላ፥ በወረቀቱ ላይ ያለውን ስምና ቃል በአሮጌው ሣጥን ውስጥ ጻፍንበት፤ ሠራ። አሮጌው ሣጥን ምንም አልሆነም ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው፤ ጕዳዩ አስቸኳይ ከሆነ በቅድሚያ ሌላ መንገድ ፈልጎ ሰውን ማገናኘት ነው፤ ሣጥኑ ይቈያል። ሁለተኛው፤ አንድ ነገር ሲለውጡ አንዱን ብቻ ለውጠው ውጤቱን ይዩ፤ ካልጠቀመ ወደ ነበረበት መልሰው ወደሚቀጥለው ይለፉ። ያደረጉትንም በወረቀት ይጻፉት። በአንድ ጊዜ አምስት ነገር የለወጠ ሰው ቢድንለት እንኳ ያዳነው የትኛው እንደ ሆነ አያውቅም።

ስለ መርፌዋ ቀዳዳ

ሣጥኑን አጥፍቶ ማብራትና በመርፌ ወግቶ ማደስ ለብዙ ሰው አንድ ይመስለዋል፤ ልዩነቱ ግን እንቅልፍ ተኝቶ በመነሣትና የራስን ስም በመርሳት መካከል ያለውን ያህል ነው። ማጥፋትና ማብራት አይጐዳም። ኤሌክትሪኩን ነቅለው ግማሽ ደቂቃ ያህል ቈይተው ይስኩት፤ አምስት ደቂቃም ይታገሡ። በዚህ ብቻ የሚድነው ብልሽት ብዙ ነው። ቀዳዳዋ ግን ሣጥኑን ከፋብሪካ እንደ ወጣበት ቀን ታደርገዋለች፤ የተጠቃሚውን ስም፥ የይለፍ ቃሉንና የዋይፋዩን ስም ሁሉ ትደመስሳለች። ስለዚህ ስምና ቃሉ በወረቀት ተጽፎ በእጅዎ ከሌለ መርፌውን ወደ ልብስ ስፌቱ ይመልሱት።

አልጠፋም፥ ግን ይዘገያል ለሚሉ

መዘግየት ከመጥፋት ይልቅ ያስቸግራል፤ ምክንያቱ ብዙ ነውና። በመጀመሪያ አሳቡን እናስተካክል። የምንገዛው ፍጥነት የሚለካው በሜጋ ቢት ነው፤ የምናወርደው ፊልም ወይም መጽሐፍ ግን በሜጋ ባይት ይመዘናል። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። እንግዲህ 4 ሜጋ ቢት የገዛ ሰው በሴኮንድ የሚደርሰው ቢበዛ ግማሽ ሜጋ ባይት ነው፤ 100 ሜጋ ባይት የሚመዝን የትምህርት ፊልም ለማውረድ ከ3 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ይህ ስርቆት አይደለም፤ ሒሳብ ነው።

ከዚህ የባሰ ከዘገየ ኮምፒዩተሩን ከሣጥኑ ጋራ በገመድ ያገናኙና ሌላውን ሁሉ አጥፍተው ፍጥነቱን ይለኩ። በገመድ ደኅና ሆኖ በዋይፋይ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ጥፋቱ የአየሩ መንገድ ነው። ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ስለ ሆነ የድንጋይ ግድግዳ፥ ቆርቆሮ፥ ትልቅ መስታወትና ማቀዝቀዣ ያዳክሙታል። ሣጥኑን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወይም ከብረት ቁም ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ፋኖስ ለኵሶ እንቅብ የደፋበትን ይመስላል። ከፍ ካለ ስፍራ፥ በቤቱ መካከል ገደማ ያድርጉት። ብዙው ሣጥን በሁለት ዓይነት ሞገድ ይሠራል፤ 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው ሩቅ ይደርሳል፥ ግድግዳም ያልፋል፤ 5 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው ይፈጥናል እንጂ ቅርብ ነው። በኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤት ሣጥን ሁሉ በአንድ ሞገድ ስለሚጮኽ እርስ በርሱ ይረባበሻል። በ2.4 ላይ ያለው መስመር 1፥ 6 ወይም 11 ቢሆን ይመረጣል፤ ከሦስቱ ጎረቤት ያልያዘውን ይምረጡ።

በገመድም ሲሞከር የሚዘገይ ከሆነ ሁለት ነገር ይጠርጥሩ። የመጀመሪያው እንግዳ ነው፤ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ስንት ሰው እንደሚያውቀው ያስቡ። በሣጥኑ ገጽ ውስጥ የተገናኙት ሁሉ ተዘርዝረው ይታያሉ። ሁለተኛው መስመሩ ነው፤ ኤ ዲ ኤስ ኤል ሽቦው በረዘመ ቍጥር ይደክማል፥ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ከራቀ ምንም ያህል አይሠራም። በቤት ውስጥም በሌላ ክፍል ያለ ሁለተኛ ስልክ ከስፕሊተሯ በፊት ተቀጥሎ እንደ ሆነ ኢንተርኔቱን ያውከዋል። ስልኩን ነቅለው ይሞክሩ።

ክረምት፥ መብረቅና የመስታወት ክር

መብረቅ በሚበዛበት ወራት ሣጥን የሚያቃጥለው በኤሌክትሪክ በኩል የሚመጣው ብቻ አይደለም፤ በስልኩ የመዳብ ሽቦም ይመጣል። ስለዚህ ሰማዩ ሲያጕረመርም ሁለቱንም መንቀል ነው፤ አንዱን ብቻ መንቀል አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን መክፈት ነው። የፋይበሩ ክር መስታወት ስለ ሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የኤሌክትሪኩ መሰኪያ ግን እዚያም መነቀል አለበት።

ፋይበር ላላቸው ደግሞ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ክሩን እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ አይጠፉት፤ ከልክ በላይ ከተጠማዘዘ ብርሃኑ ከመንገዱ ይፈስሳል፥ አንዳንዴም ክሩ ይሰበራል። የተነቀለውንም ጫፍ ወደ ዐይንዎ አቅርበው አይመልከቱ። በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን ለሰው ዐይን የማይታይ ሌዘር ነው፤ የማይታይ በመሆኑም ዐይን ጨፍኖ ራሱን ለመከላከል አይችልም። ልጆችንም በዚህ ይምከሩ።

ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲደውሉ

ሐኪም ፊት ቀርቦ «አሞኛል» ብቻ የሚል ሰው መድኃኒቱ ይዘገይበታል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ በ994 ሲደውል እንዲሁ ነው። «ኢንተርኔት የለም» ከማለት ይልቅ እንዲህ ይበሉ፤ «ኢንተርኔቴ የተቋረጠው ከትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ነው። የኤሌክትሪኩ መብራት ደኅና ነው፤ የመስመሩ መብራት ይርገበገባል፤ የቤት ስልኩ ይንጫጫል። አጥፍቼ አብርቼዋለሁ። ጎረቤቴ ዘንድ ይሠራል።» ይህን የሰማ ሠራተኛ ቀድሞ የሚያዝዝዎትን ሁሉ ስላደረጉ ጊዜውን አያባክንም፤ የሚልከውም ባለሙያ ምን ይዞ እንደሚወጣ ያውቃል። የአቤቱታውን ቍጥር ተቀብለው ይጻፉ፤ ሁለተኛ ሲደውሉ ከመጀመሪያ አይጀምሩም። በቁጣ የሚነገር ቃል መስመር አይጠግንም፤ በቅደም ተከተል የሚነገር ግን ብዙ ይረዳል።

ከእጃችን ውጭ የሆነው

በመጨረሻም ከቤታችን ብዙ ርቆ የሚቋረጥ አለ። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ኢንተርኔታችን በጎረቤት አገሮች በኩል አልፎ ከባሕር ሥር ገመዶች ጋራ ይገናኛል። በ2016 ዓ.ም. በየካቲት ወር በቀይ ባሕር ሥር ካሉት ገመዶች ሲኮም፥ ኢ አይ ጂ እና ኤ ኤ ኢ 1 የተባሉት ተቈርጠው በእስያ፥ በአፍሪካና በአውሮጳ መካከል ያለው ግንኙነት ተዳክሞ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቈይቷል። እንደዚህ ባለ ጊዜ ሣጥንን መነቅነቅ፥ በከተማው ውሃ ሲጠፋ የራስን ቧንቧ እንደ መፍታት ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ጎረቤትን መጠየቅ። ሁላችሁም ዘንድ ጠፍቶ እንደ ሆነ ቡና አፍልቶ መጠበቅ ይሻላል።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፥ ዛሬ ኢንተርኔቱ ደኅና ሳለ አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። አንድ ወረቀት ውሰዱ። የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃል፥ የሣጥኑን ቍጥርና ለብልሽት የሚደወልበትን ስልክ ጻፉበት። ሁሉም ደኅና በሆነበት ሰዓት የትኞቹ መብራቶች እንደሚበሩና ቀለማቸውም ምን እንደ ሆነ በዝርዝር ጨምሩበት፤ ጤነኛውን መልክ የማያውቅ ሰው የታመመውን አይለይምና። ወረቀቱንም ከቁም ሣጥኑ በር በውስጥ በኩል ለጥፉት። ደግሞም በቤታችሁ ላሉት ሽማግሌዎች በአማርኛ አንብቡላቸው። ልጆቻቸው በሩቅ አገር ሆነው እሑድን የሚጠብቁ እናቶችና አባቶች በየግቢያችን አሉ፤ መስመራቸው ሲቋረጥ ቀድመው የሚያስቡት ስለ ሽቦ ሳይሆን ስለ ልጃቸው ነው።